ማኅተም ያስፈለገው ፌጦ

ተረት ልነግራችሁ ነው። የቆመ ይቀመጥ፣ የተቀመጠ እግሩን ይሰብስብ። መሀል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ከመጀመሪያው እንደምጀምር ይወቀው።

ዋርካ በር በምትባል መንደር ትርንጎ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አንደኛ ክፍል ናት። አስተማሪዋ ቲቸር ውድነሽ ልጆችን ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ደርድረው ማዋል አይሆንላቸውም። መደመርን በጠጠር፣ መለካትን በስንዝርና በእርምጃ ነው የሚያስተምሩት። የፊደል ተራ ሲደርስ ደግሞ ከክፍሉ ጀርባ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ክንድ የምታህል መደብ ሰጡና «የስማችሁን መጀመሪያ ፊደል አፈሩ ላይ በጣታችሁ ጻፉ፤ የጻፋችሁበት ላይ ፌጦ ዝሩበት» አሉ። ፌጦ ታውቁታላችሁ፣ ነገር አያጓትትም። በሦስተኛው ቀን የደሴ ደ ብቅ አለች። በአራተኛው ቀን የሙሉሰው ሙ ወጣች። በሳምንቱ ግቢው በአረንጓዴ ፊደል ተሞላ።

የትርንጎ ት ብቻ አልወጣችም። ልጅቱ ሌሎቹ ሲዘሩ ጆሮ ደግፍ ይዟት ቤት ተኝታ ነበር፤ የዘራችው በሳምንቱ ሰኞ ነው። በዚያው ሰኞ ደግሞ ትልልቆቹ ተማሪዎች ቧንቧውን ከፍተው ረሱትና የግቢውን መግቢያ ማጥ አደረጉት፤ ውሃው እስከ መደቦቹ ግን አልደረሰም። ቧንቧው ተዘጋ፣ እጀታው ተነቀለ። ለበቀሉት ጤዛው ይበቃቸዋል። ላልበቀለው ግን ማን ይድረስለት?

ነገሩ የፌጦ ብቻ ቢሆን ትርንጎ ባልተጨነቀች። አባቷ አቶ ዳምጤ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው አፈር ስትጭር መዋሏን ሲሰሙ አልወደዱትም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይሆንም» አሉ። «አፈር መጫር ከሆነ እኔ ማሳ ላይ አፈር ሞልቷል። አርብ የወላጆች ቀን ነው አይደል? መጥቼ አያለሁ። ተማርኩ የምትይውን በዓይኔ ካላየሁ ሰኞ ከወንዝ ማዶ አክስትሽ ዘንድ ትገቢያለሽ። እዚያ ልጆች የሚማሩት ተቀምጠው ነው።» ትርንጎ አክስቷን ትወዳለች፤ የምትወዳቸው ግን ለበዓል ነው። ከቲቸር ውድነሽና ከጓደኛዋ ከደሴ ተለይታ ማዶ መክረም አትፈልግም።

ማክሰኞ ጠዋት ከቤቷ በጠርሙስ ውሃ ይዛ ወጣች። መንገዱ አንድ ሰዓት ነው። ግማሹን ጠማትና ጠጣችው፣ ግማሹን ደሴ ጠማውና ጠጣው። የቀረችውን አንድ ጉንጭ አፈሩ ላይ ብታፈሳት አፈሩ ምንም እንዳልቀመሰ ሆኖ ዋጣት።

የእረፍት ደወል ሲደወል ትርንጎ መደቧ አጠገብ ቁጢጥ አለችና «ፌጦ ፌጦ፣ ምነው የማትበቅለው?» አለች።

ፌጦው፣ «ካልጠጣሁ አልበቅልም» አለ።

ፌጦ ይናገራል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሰባት ዓመት ሆኖት አያውቅም።

ትርንጎ ወደ ቧንቧው ሄደች። «ቧንቧ ቧንቧ፣ ውሃ አፍስስልኝ፤ ፌጦው ካልጠጣሁ አልበቅልም አለ።»

ቧንቧው፣ «ያለ እጀታዬ አልፈስም» አለ።

ሮጣ ቲቸር ውድነሽ ዘንድ ደረሰች። ቲቸርም ነገሩን ሰምተው አሰቡ። ትርንጎ መልእክት በመርሳት የታወቀች ናት፤ ጎረቤት ወንፊት አምጪ ተብላ ተልካ ባዶ እጇን ተመልሳ «ደህና ናቸው» የምትል ልጅ ናት። ቲቸር ይህን ያውቃሉ። «እኔ ብጠይቅልሽ ውሃው ይመጣ ይሆናል» አሏት። «አንቺ ግን ከዚያ ምን ታገኛለሽ? ራስሽ ሄደሽ ጠይቂ። ያገኘሽውን ሰው ሁሉ ነገሩን ከሥሩ ንገሪው፣ አንድም ሳታስቀሪ። ደወል ቢደወልም ግድ የለም፣ ይሄም ትምህርት ነው።»

ትርንጎ ወደ በሩ ሄደች። ዘበኛው አባባ ሞትባይኖር የቧንቧውን እጀታ በገመድ አስረው ከክታባቸው ጎን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል።

«ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?» አሏት።

«ፌጦው ካልጠጣሁ አልበቅልም አለ፤ ቧንቧው ያለ እጀታዬ አልፈስም አለ። እጀታውን ይስጡኝ አባባ።»

«እሰጥሽ ነበር፤ ለተጠማ ውሃ መንፈግ ነውር ነው» አሉ ሽማግሌው እጀታውን እያሻሹ። «ግን ታዝዣለሁ። ትናንት በዚያ ማጥ ውስጥ ጫማቸው የቀረ ሰው ናቸው ያዘዙኝ። ያለ ወረቀት እጀታ አልሰጥም።»

እኚያ ጫማቸው የቀረ ሰው ርእሰ መምህሩ አቶ ልየው ናቸው። ትርንጎ በራቸውን አንኳኳችና ገባች። አቶ ልየው ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን በጽሑፍ ነው።

«ፌጦው ካልጠጣሁ አልበቅልም አለ» አለች ትርንጎ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ «ቧንቧው ያለ እጀታዬ አልፈስም አለ፤ ዘበኛው ያለ ወረቀት እጀታ አልሰጥም አሉ። ወረቀቱን ይስጡኝ።»

አቶ ልየው ወዲያው ብዕራቸውን አነሡ። «ጉዳዩ፦ ፌጦ ማጠጣትን ይመለከታል» ብለው ከሥሩ አሰመሩበት። አምስት መስመር ጻፉ፣ ፈረሙ፣ አንሥተው አዩት፣ ወደዱት። ትርንጎ እጇን ስትዘረጋ ግን ወረቀቱን ወደ ኋላ ሳቡት። «ቆይ፣ ማኅተም ይቀረዋል። ያለ ማኅተም ወረቀት አልሰጥም። ወደ ጸሐፊዋ እንሂድ።»

ጸሐፊዋ እትዬ ስንዱ ሹራብ እየሠሩ ነበር። ትርንጎ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እትዬ፣ ፌጦው ካልጠጣሁ አልበቅልም አለ፤ ቧንቧው ያለ እጀታዬ አልፈስም አለ፤ ዘበኛው ያለ ወረቀት እጀታ አልሰጥም አሉ፤ ርእሰ መምህሩ ያለ ማኅተም ወረቀት አልሰጥም አሉ። ማኅተሙን ይምቱልኝ።»

እትዬ ስንዱ ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጡና ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። ወረቀቱ እንደ ነበረ ነጭ ነው። አፋቸው አጠገብ አድርገው ተነፈሱበትና ደግመው መቱት። አሁንም ነጭ። ሦስተኛ ጊዜ ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ መቱት፤ ከጠረጴዛው ጫፍ የሹራብ ክሩ ወደቀ እንጂ ሌላ የመጣ ነገር የለም።

ማኅተሙ፣ «ያለ ቀለም አልታይም» አለ።

«ከጥምቀት ወዲህ ቀለም አልቀመሰም እኮ» አሉ እትዬ ስንዱ። «ቀለሙ ንብረት ክፍል ነው። ጋሽ ተሰማ ዘንድ ሂጂ የኔ ቆንጆ።»

እንግዲህ ደጅ መጥናት ማለት ይሄ ነው። አንዳንዱ ሰው የሚለምደው ጢም ካወጣ በኋላ ነው፤ ትርንጎ በሰባት ዓመቷ ጀመረችው።

ንብረት ክፍሉ በግቢው ጥግ ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ጋሽ ተሰማ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

«ማነሽ አንቺ?»

«ትርንጎ ዳምጤ። ፌጦው ካልጠጣሁ አልበቅልም አለ፤ ቧንቧው ያለ እጀታዬ አልፈስም አለ፤ ዘበኛው ያለ ወረቀት እጀታ አልሰጥም አሉ፤ ርእሰ መምህሩ ያለ ማኅተም ወረቀት አልሰጥም አሉ፤ ማኅተሙ ያለ ቀለም አልታይም አለ። ቀለሙን ይስጡኝ ጋሼ።»

ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አደረጉና ልጅቱን ደህና አድርገው አዩዋት። «ቀለሙ አለ» አሉ። «ይኸው መደርደሪያው ላይ ይታይሻል። ግን እኔ ያለ ቅጽ ቀለም አላወጣም። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ከዚህ ቤት ያለ ቅጽ የወጣ ነገር ቢኖር አይጥ ብቻ ነው።»

«ቅጹን ይስጡኛ።»

ጋሽ ተሰማ ትንሽ አፈሩ። «ቅጹ እንኳ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዶሮዋ ሥር ነው።»

እውነትም ከመደርደሪያው ሥር ባለው ካርቶን ውስጥ አንዲት ወሰራ ዶሮ ተጎልታለች። ካርቶኑ የቅጽ ካርቶን ነው። ጋሽ ተሰማ ለአንድ ቀን ትረፍበት ብለው ዝም አሏት፤ እሷ ዘጠኝ እንቁላል ጥላ ታቅፋ ተኛችበት። ከዚያ ወዲህ ከንብረት ክፍሉ የወጣም የገባም ዕቃ የለም፤ ይህንንም አንድም ሰው ልብ አላለው።

ትርንጎ ተንበረከከች። «ዶሮ ዶሮ፣ ፌጦው ካልጠጣሁ አልበቅልም አለ፤ ቧንቧው ያለ እጀታዬ አልፈስም አለ፤ ዘበኛው ያለ ወረቀት እጀታ አልሰጥም አሉ፤ ርእሰ መምህሩ ያለ ማኅተም ወረቀት አልሰጥም አሉ፤ ማኅተሙ ያለ ቀለም አልታይም አለ፤ ጋሽ ተሰማ ያለ ቅጽ ቀለም አላወጣም አሉ። ተነሽልኝ።»

ዶሮዋ ላባዋን ነፋችና፣ «ሳልፈለፍል አልነሳም» አለች።

«ስንት ቀን ይቀራታል ጋሼ?»

«ስምንት፣ ዘጠኝ ቀን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ምን ያስቸኩልሻል?»

የሚያስቸኩላትማ አርብ ነው። አርብ አባቷ ይመጣሉ፤ ትርንጎ ባዶ አፈር አጠገብ ቆማ ልታሳያቸው ነው። እንባዋ መጣ። ግን አላለቀሰችም፤ እጇን አየችና «ላስነሳትስ ለምን?» አለች። ጋሽ ተሰማ ሞክረው ሁለቴ ተነክሰዋል፤ የእሳቸው እጅ ግን ሰፊና ቸኳይ ነው። ትርንጎ እጇን ጠፍጣፋ አድርጋ፣ ዘር ስትዘራ እንደተማረችው ቀስ አድርጋ፣ በካርቶኑ ጎን ከገለባው ሥር አስገባች። ሞቃት ነው። አንድ እንቁላል ነካች፣ አለፈችው። ሌላ ነካች፣ አለፈችው። ዶሮዋ በአንድ ዓይኗ ታያታለች። ከዚያ ወረቀት ነካችና አንዱን ገንጥላ ሳበችው። በአንድ ጥጉ ላይ ኩስ አለበት እንጂ ደህና ቅጽ ነው።

ጋሽ ተሰማ ቅጹን በኩራት ጉልበታቸው ላይ ዘረጉትና መሙላት ጀመሩ። ቀን፣ ሞሉ። የዕቃው ዓይነት፣ ሞሉ። ምክንያት፣ ሞሉ። «ብዛት» የምትል ሳጥን ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ።

«ቀለሙ ለማኅተሙ፣ ማኅተሙ ለወረቀቱ፣ ወረቀቱ ለውሃው» አሉ። «ውሃው ለስንት መደብ ነው?»

ትርንጎ አላወቀችም። እትዬ ስንዱ በመስኮት ተጠየቁ፤ አላወቁም። አቶ ልየው ተጠየቁ፤ እሳቸውም አላወቁም። ከቢሮው እስከ መደቦቹ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም፤ ሄዶ ያያቸው ግን የለም።

ቅጹም፣ «ያለ ቁጥር አልሞላም» አለ።

ትርንጎ እየሮጠች ወጣች፤ እየሮጠችም ለራሷ ትላለች፦ ፌጦው ካልጠጣሁ አልበቅልም አለ፤ ቧንቧው ያለ እጀታዬ አልፈስም አለ፤ ዘበኛው ያለ ወረቀት እጀታ አልሰጥም አሉ፤ ርእሰ መምህሩ ያለ ማኅተም ወረቀት አልሰጥም አሉ፤ ማኅተሙ ያለ ቀለም አልታይም አለ፤ ጋሽ ተሰማ ያለ ቅጽ ቀለም አላወጣም አሉ፤ ዶሮዋ ሳልፈለፍል አልነሳም አለች፤ ቅጹ ያለ ቁጥር አልሞላም አለ።

መደቦቹ ጋ ስትደርስ ቁና ቁና እየተነፈሰች ነው። ትርንጎ በአፏ እስከ ሃያ ትቆጥራለች፤ ከሃያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ይምታቱባታል። ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ አንድ። ሁለቴ ሞከረች፣ ሁለቴ ተምታታባት። ከዚያ አፏን ተወችና ጠጠር ለቀመች። በእያንዳንዱ ፊደል ራስጌ አንድ ጠጠር አስቀመጠች፤ ለደ አንድ፣ ለሙ አንድ፣ እያለች እስከ አጥሩ። ባዶው መደቧ ላይ ስትደርስ ቆመችና አየችው። አለፈችው። መልሳ ጠጠሮቹን በቀሚሷ ሰብስባ ወደ ጋሽ ተሰማ ተመለሰች፤ ቲቸር እንዳስተማሯት መሬት ላይ በአሥር በአሥር ከመረቻቸው።

ጋሽ ተሰማ ከወንበራቸው ወርደው አጠገቧ ተቀመጡ። እሳቸው የሚያውቁት ቁጥር ወረቀት ላይ የተጻፈውን ነው፤ ተከምሮ ሲያዩት ደስ አላቸው። «አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ» አሉ በጣታቸው እያሳዩ። «ይቺ አራተኛዋ ግን ጎደሎ ናት። ዘጠኝ ብቻ።»

«አዎ።»

«አንቺ አልዘራሽም እንዴ?»

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። «የኔ አልበቀለም። ያልበቀለ ይቆጠራል?»

ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ» አሉ፣ «ይሄ ሁሉ ውሃ የተጠየቀው ለማን ሆነና? ከሁሉ በፊት የሚቆጠር ያልበቀለው ነው። ሂጂ፣ ያንቺን አምጪ።»

ትርንጎ ሄደች። ጠጠር ለመምረጥ ቆይታ፣ ክብ ነጭ ጠጠር ይዛ መጣችና አራተኛው ክምር ላይ አኖረችው። ክምሩ ሞላ። አርባ።

ከዚያማ ምን ይነገራል? አርባ ሲባል ቅጹ ሞላ። ቅጹ ሲሞላ ጋሽ ተሰማ ቀለሙን አወጡ። ቀለሙ ሲወጣ ማኅተሙ ታየ፤ ታይቶም እስከ እትዬ ስንዱ ሹራብ ድረስ ደረሰ። ማኅተሙ ሲታይ ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን ሰጡ። ወረቀቱ ሲደርሳቸው አባባ ሞትባይኖር ማንበብ ባይችሉም አገላብጠው አዩትና እጀታውን ከአንገታቸው ፈቱ። እጀታው ሲገባ ቧንቧው መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ቀጥሎ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ፈሰሰ። ዶሮዋ ብቻ አልተነሳችም፤ እሷን ማንም አላስቸገራትም። ቲቸር ውድነሽ ክፍሉን በሙሉ ይዘው ወጡና «ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጣሳ» አሉ። ልጆቹ አርባ ጣሳ እየቆጠሩ አጠጡ። ፌጦውም ጠጣ።

ጠጣ እንጂ ወዲያው አልበቀለም። ረቡዕ አፈሩ እንደተዘጋ ነው። ሐሙስም እንደተዘጋ ነው። ትርንጎ ቆፍራ ልታየው ጣቷን ሰደደች፤ ቲቸር «ተይው፣ ሥራ ላይ ነው» አሏትና መለሰችው። ሐሙስ ማታ እራቷን በቅጡ አልበላችም።

አርብ ጠዋት ወላጆች መጡ። የደሴ ደ ጣት አክላለች፣ የሙሉሰው ሙ ጎንበስ ብላለች። አቶ ዳምጤ ሁሉንም እያለፉ ልጃቸው የቆመችበት ደረሱ። ትርንጎ ወደ ታች ለማየት ፈርታ የአባቷን ፊት ብቻ ታያለች። አቶ ዳምጤ ዱላቸውን አስቀምጠው ቁጢጥ አሉ። ከሰነጠቀው አፈር ውስጥ ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጡ አረንጓዴ ጆሮዎች ወጥተዋል፤ አንድ የቆመ መስመር፣ አንድ የተዘረጋ ክንድ።

«መቼ ጠጣ?» አሉ።

«ማክሰኞ።»

«በሦስት ቀን ነው የወጣው?» በጣታቸው አፈሩን ጫር አደረጉ። «አልጠለቀም። ማን አሳየሽ?»

«ቲቸር። ከጥፍራችሁ አይለፍ አሉን።»

«ምን ይላል?»

«ት ይላል አባዬ። የኔ ነው።»

«ውሃውንስ ከየት አመጣሽው? ቧንቧው ተዘግቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ትርንጎ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች። «ፌጦው ካልጠጣሁ አልበቅልም አለ፤ ቧንቧው ያለ እጀታዬ አልፈስም አለ፤ ዘበኛው ያለ ወረቀት እጀታ አልሰጥም አሉ፤ ርእሰ መምህሩ ያለ ማኅተም ወረቀት አልሰጥም አሉ፤ ማኅተሙ ያለ ቀለም አልታይም አለ፤ ጋሽ ተሰማ ያለ ቅጽ ቀለም አላወጣም አሉ፤ ዶሮዋ ሳልፈለፍል አልነሳም አለች፤ ቅጹ ያለ ቁጥር አልሞላም አለ፤ እኔ አርባ ብዬ ቆጠርኩ።»

አቶ ዳምጤ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩዋት። ይቺ ልጅ እኮ ወንፊት ተልካ የረሳች ናት። በወዲያ በወዲህ ሰው መሰብሰቡን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና ወደ መደቡ ተመለሱ። ሃያ ክረምት ዘርተዋል፣ አጭደዋል፤ ከዘሩት ሁሉ ግን አንድም ቀን የሰው ስም በቅሎላቸው አያውቅም።

«የኔስ ስም መጀመሪያ ፊደል የትኛዋ ናት?» አሏት ቀስ ብለው።

ትርንጎ እጃቸውን ያዘችና ወደ ደሴ መደብ ወሰደቻቸው። «ይቺን ደ ትመስላለች፣ ግን ያንተ ዳ ነው፤ አንድ እግሩ ይረዝማል» አለች። ከዚያ ባዶ አፈር ፈልጋ በጣቷ ጻፈችላቸው። አቶ ዳምጤ አዩትና በራሳቸው ወፍራም ጣት ላዩ ላይ ሄዱበት፤ መጀመሪያ ተጣመመ፣ ደገሙት።

ከዚያ ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና ዱላቸውን አነሡ። ስለ ማዶ፣ ስለ አክስቷ አንድም ቃል አልተናገሩም። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዘወር አሉና «ሰኞ በጊዜ ተነሽ» አሏት። «እኔ ራሴ እዚህ አደርስሻለሁ፤ ለዳው የሚሆን ዘርም ከቤት እይዛለሁ።»

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። ትርንጎ ሰኞ በጊዜ ተነሣች፤ አባቷ ግን ቀድመዋት ተነሥተው በር ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር።